የሚስ ፕሩዊት እርማት

የሰው ጽሑፍ ሳላርም ማለፍ አልችልም። የምግብ ቤት ዝርዝር አርማለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ አርማለሁ፤ አንድ ጊዜማ የመቃብር ድንጋይ ላይ ስህተት አይቼ ለሟች ቤተሰብ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አልመለሱልኝም። በዶብሰንቪል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ድርሰት አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ ርዕሰ መምህሩ ያነበበልኝ የምስጋና ንግግር ሁለት ስህተት ነበረበት። እዚያው መድረኩ ላይ ነገርኩት። ስለዚህ አሁን የምናዘዘው ጥፋት የማያውቀኝን ሰው ይገርመው ይሆናል እንጂ የሚያውቀኝን አይገርመውም።

ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ከተማሪዎቼ ሰባቱን ቀበርኩ። ሁሉም ከቬትናም በሳጥን የመጡ ናቸው። ሰባተኛው ቀብር ላይ ሰባኪያችን «ይህ ልጅ ለምን እንደሞተ ሁላችንም እናውቃለን» ሲል ዞር ዞር ብዬ የሰዉን ፊት አየሁ። የሚያውቅ የሚመስል አንድም ሰው አጣሁ። እናቱ ራሷ አቀርቅራ ጫማዋን ነበር የምታየው። ያን ቀን ክፉኛ ተናደድኩ። እኔ ስናደድ አላለቅስም፤ ሥራ እፈልጋለሁ። ሰኞ ጠዋት ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ ወዳለው የጦርነት ተቃዋሚዎች ቢሮ ደረጃውን ወጥቼ «መጻፍም መተየብም እችላለሁ፤ ምን ልሥራ?» አልኩ።

እዚያ ፎቅ ላይ ያገኘሁት ጠበቃ ዜልኒክ ይባላል። ከኒው ዮርክ የመጣ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ጢሙን የማያበጥር ልጅ ነው። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ከጠርሙስ እያወጣ ቀኑን ሙሉ ስለሚበላ ፋይሎቻችን በሙሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታሉ። ሥራው ይህን ጦርነት አንዋጋም ላሉ ወታደሮች በነፃ ምክርና የሕግ እርዳታ መስጠት ነው። በደንቡ መሠረት አንድ ወታደር ሕሊናዬ ጦርነት አይፈቅድልኝም ብሎ ማመልከት ይችላል። ያመለክታል፤ አንድ መኮንን ጠርቶ ይመረምረዋል፤ መኮንኑ «ልጁ የሚለው ከልቡ ነው» ብሎ ከጻፈለት መሰናበቻውን እየጠበቀ ይቀራል። ካልጻፈለት ይዘምታል፤ አልዘምትም ካለም ወህኒ ይወርዳል።

ከመንገዱ ማዶ ከከተማችን ጦር ሰፈር የመጣ ወታደራዊ ፖሊስ ጂፕ ውስጥ ተቀምጦ ደረጃችንን የሚወጣውን ሁሉ ይመዘግብ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ የቆሸሸ ልብስ በከረጢት ተሸክመው ነበር የሚመጡት። ላየው ሰው የዶብሰንቪል ጦር በዓለም ላይ ከሁሉም ይበልጥ ንጽሕና የሚወድ ጦር ይመስለዋል። ሁለት ሰዎች ደግሞ የምር ልብስ ሊያሳጥቡ መጥተው፣ በር ተሳስተው፣ የጦርነት ተቃዋሚ ሆነው ወርደዋል።

ቨርሊን ሃቸር የመጣው በዚያ በበጋው ሙቀት መሐል ነው። ከኬንታኪ ተራሮች የወረደ፣ ረጅም፣ ክንዱ ከእጅጌው የተረፈ የሃያ ዓመት ልጅ። ከረጢቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ በር ላይ ቆመ።

«እሜቴ፣ ልብስ ማጠቢያው እዚህ ነው?»

«ታች ነው። ያመጣኸው ልብስህን ነው ወይስ ራስህን?»

«ራሴን መሰለኝ፣ እሜቴ።»

«እንግዲያው ግባ። ጫማህን ጥረግ።»

የቨርሊን የጦር ክፍል ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ በአውሮፕላን ይዘምታል። እሱ ደግሞ አልሳፈርም ብሏል። ዜልኒክ ለሁሉም የሚያቀርበውን ጥያቄ አቀረበለት።

«ካናዳ መሄድ አስበሃል?»

«አይ። እማማ ሜልባ ብቻዋን ናት። አያቴ ናት ያሳደገችኝ። ካናዳ ከገባሁ እሷን ለመቅበር እንኳ አልመለስም።»

«እስር ቤትስ?»

«ከእስር ቤት ይወጣል።»

ዜልኒክ ኪያሩን አስቀመጠ። ዜልኒክ ኪያሩን ካስቀመጠ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። አምስት ዓመት ሊፈረድበት እንደሚችል ነገረው። ልጁ ጣቶቹን ቆጠረና «እማማ ሜልባ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው» አለ። እኔ ያን ጊዜ ይህ ልጅ አይታሰርም፣ አይዘምትምም ብዬ በልቤ ማልኩ። የሠራሁትንም ጥፋት የሠራሁት ከዚሁ የተነሳ ነው።

አመልካቹ መኮንን ፊት ከመቅረቡ በፊት እኛ እየተፈራረቅን እናፋጥጠዋለን፤ የቢሯችን ልማድ ነው። ዜልኒክ የጦሩን ቄስ ይሆናል። አንድ አይሁዳዊ የባፕቲስት ቄስ ሆኖ ሲቆጣ ማየት ነበረባችሁ፤ በየመሐሉ «ሚስ ፕሩዊት፣ ይሄ ማቴዎስ ላይ ነው ሉቃስ ላይ?» ይለኛል። እኔ መኮንኑን እሆናለሁ። ለማዕረጌ ምልክት የፖስተኛ ባርኔጣ አጠልቃለሁ፤ ሌላ አላገኘንም።

«ወታደር ሃቸር!»

«አቤት፣ እሜቴ።»

«ጌታዬ በል! ባርኔጣዬ አይታይህም?»

«አቤት፣ ጌታዬ።»

«አንድ ወሮበላ አያትህን ሊገድል ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?»

ይህ ጥያቄ አይቀርም። እስካሁን ያልጠየቀ መኮንን አላጋጠመንም። ቨርሊን ማሰብ ጀመረ። እሱ ሲያስብ አንድ ልብስ ታጥቦ ይደርቃል።

«ማንን ሊገድል? እማማ ሜልባን?»

«አዎ!»

«ምስኪን» አለ።

«ማን? አያትህ?»

«አይ፣ ሰውዬው።»

ዜልኒክ በሳቅ ጠርሙሱን ሊለቀው ነበር። እኔ ግን ባርኔጣዬን አውልቄ ጠረጴዛውን መታሁበት። «እንዲህ ያለ መልስ እንዳትመልስ! ሲያላግጥብን ነው ይላሉ!»

«አላገጥኩም እኮ እሜቴ። ባለፈው ዓመት ኢንሹራንስ ልሽጥልሽ ያላትን ሰውዬ ኩሬ ውስጥ ነው የወረወረችው።»

ከዜልኒክ ጠረጴዛ በላይ በትልልቅ ፊደል «ቃሉ የልጁ ይሁን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የለጠፈው ለኔ ነው። አመልካቹ እምነቱን በራሱ አንደበት ጽፎ ማቅረብ አለበት፤ የኛ ድርሻ መተየብ ብቻ ነው። «ሚስ ፕሩዊት፣ እጅዎን ይሰብስቡ!» ይለኛል በቀን ሦስቴ። «ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው የጨመርኩት» እለዋለሁ። አንዳንዴ እውነቴን ነው።

ቨርሊን ጽሑፉን ሲያመጣልኝ ሦስት ገጽ በእርሳስ ነበር። አነበብኩት። ስለ አሳማ ነው። እግዜር ያሳያችሁ! ሕሊናዬ ሰው መግደል አይፈቅድልኝም የሚል ልጅ፣ ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ የሰፈሩ አራጅ እሱ እንደነበር ያትታል። ይህን ያነበበ መኮንን ደስ ብሎት በራሱ እጅ አውሮፕላኑ ላይ ያሳፍረዋል ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ሙሉ ታገስኩ። በሁለተኛው ቀን ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። አሳማውን ከነደሙ ሰረዝኩት። ኅዳጉ ላይ «ከርዕሱ ጋር አይሄድም፤ ደስም አይልም» ብዬ ጻፍኩ። ከልማድ የተነሳ መጨረሻው ላይ ከመቶ ሃምሳ አምስት ሰጠሁት። ከዚያ ተቀምጬ አዲስ ጻፍኩለት፦ «ከለጋ ዕድሜዬ አንስቶ የሕይወት ክቡርነት በልቤ ታትሞ ኖሯል፤ በሕሊናዬ፣ በባልንጀራዬ፣ እንዲሁም ሁላችንንም በአምሳሉ በፈጠረ አምላክ ፊት...» ይላል። ሁለት ገጽ ነው። አምላኬ ይቅር ይበለኝና ስጨርሰው እንባዬ መጣ።

ቨርሊን ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ አነበበው።

«ይሄ እኔ ነኝ፣ እሜቴ?»

«አንተ ነህ። ታጥበህ ተተኩሰህ ነው እንጂ አንተው ነህ።»

«ቆንጆ ነው» አለ። ሲል ድምፁ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ ልብ አላልኩትም። ፈረመ። ዜልኒክም አንብቦት ጢሙን አከከ። «ይሄ ልጅ እንዲህ ይጽፋል እንዴ?» አለኝ። «ልጁ ተሻሽሏል» አልኩት።

ምርመራው የተደረገው ሊዘምቱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ጉዳያችንን ይይዝ የነበረው ሻለቃ ጥርሱን ታሞ ሆስፒታል ስለገባ ሌላ መኮንን እንደሚተካው ነገሩንና ረጅም ጠረጴዛና የጣሪያ ማራገቢያ ካለው ክፍል ውስጥ አስቀመጡን። በሩ ተከፈተና አንድ ሻምበል ገባ። ከመቀመጫዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ።

«ተማሪዬ ነው!» አልኩ በዜልኒክ ጆሮ። «ዴንቶን ቢቨንስ! ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ! እርሳስ ይበላ ነበር!»

«አሸነፍን ማለት ነው?»

«አሸነፍን እንጂ! አለቀ፣ ደቀቀ!»

ሻምበል ቢቨንስ እንደማያውቀኝ ሆኖ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠንና ተቀመጠ። ድሮ ቀይ ፊት የነበረው ልጅ ጠቁሮ ከስቷል። የቨርሊንን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ከዚያ ከቦርሳው ሦስት ሌሎች ወረቀቶች አውጥቶ ጎን ለጎን ደረደራቸው።

«ወታደር ሃቸር፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

ዜልኒክ ብድግ አለ። «ፊርማው የሱ ነው፣ ሻምበል።»

«ስለ ፊርማው አልጠየቅኩም፣ ጠበቃ። ይቀመጡ።» ወረቀቶቹን በጣቱ መታ መታ አደረጋቸው። «ትናንት የሻለቃውን ፋይሎች በሙሉ አስረከቡኝ። ከዚህ ሌላ ሦስት አሉ። አንዱ አመልካች የብሩክሊን ሾፌር ነው፤ አንዱ የአላባማ ዓሣ አጥማጅ፤ አንዱ ቺካጎ ውስጥ ቧንቧ ሲጠግን የኖረ። አራቱም ‹ከለጋ ዕድሜዬ አንስቶ› ብለው ይጀምራሉ። አራቱም ሦስት ምክንያት አላቸው። ሦስተኛው ምክንያት ሁልጊዜ ከሁለቱ ይረዝማል።» ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየኝ። «ለምን እንደሚረዝም የሚያውቅ በዚህ ጦር ሰፈር ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ‹ሦስተኛው ረዘም ይበል፣ አንባቢ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው።› እንዲህ አልነበር የሚሉት፣ ሚስ ፕሩዊት?»

ዜልኒክ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። ያን አስተያየቱን እስክሞት አልረሳውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ወታደር ሃቸር» አለ ሻምበሉ፤ «የቀረበልኝ ያንተ ካልሆነ ከልብህ መሆኑን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ፋይሉን እዘጋለሁ፤ ሐሙስ ትሄዳለህ። ስለዚህ አስበህ መልስልኝ። የማን ነው?»

ቨርሊን አሰበ። ከዚያ ወደኔ አየና፣ «የኔ ነው ጌታዬ» አለ።

ዋሸ። ለእኔ ብሎ ዋሸ። አምስት ዓመት እስር ከፊቱ ተደቅኖ፣ አንዲት አሮጊት አስተማሪ እንዳታፍር ብሎ ነው።

«ዝም በል፣ ቨርሊን» አልኩት። «መዋሸት አትችልበትም።» ከዚያ ተነሳሁ። «ክቡር ሻምበል፣ እርስዎ... አንተ... ኧረ ተወኝ እቴ፣ ዴንቶን፣ የኔ ነው! ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የኔ ነው። ጠበቃው አያውቅም። ልጁም ፈርም ስላልኩት ነው የፈረመው። የሱ ይኸው።» የእጅ ቦርሳዬን ከፍቼ በእርሳስ የተጻፉትን ሦስት ገጾች አወጣሁ። የተማሪ ወረቀት ጥዬ አላውቅም። ከነቀይ ቀለሙ፣ ከነሃምሳ አምስቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሻምበሉ ነጥቡን አየና ቅንድቡን አነሳ። «ዕድለኛ ነህ» አለው ቨርሊንን፤ «እኔ ሠላሳ ሁለት ያገኘሁበት ጊዜ አለ።» ከዚያ እኔ የሰረዝኩትን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«‹ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ በሰፈራችን አሳማ የማርደው እኔ ነኝ፤ አባቴ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የኔ እጅ አይንቀጠቀጥም። ቶሎ ነው የሚያልቀው፤ አሳማው አይሰቃይም። እኛ ስናርድ ማንም ሰው አይጮህም። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። የሳንጃ ልምምድ ላይ ሃምሳ አለቃው ግደል ግደል እያላችሁ ጩኹ አለን። ሁሉም እየሳቁ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ። ከጭድ የተሠራውን ሰው ወጋሁት። ሃምሳ አለቃው ትከሻዬን መትቶ ይሄ ልጅ ለዚህ ነው የተፈጠረው አለ። እውነቱን ነው። ያን ቀን ራት አልበላሁም። ሌሎቹ መግደል ይቻላቸው እንደሆነ አያውቁም። እኔ እንደምችል አውቃለሁ፤ ቢያዙኝ በደንብ እሠራዋለሁ። ስለዚህ ነው የማልሄደው። የትኛውም ጦርነት ቢሆን አልሄድም።›»

አንብቦ ሲጨርስ ዜልኒክ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። እኔ የሰረዝኩትን በሰው አንደበት ስሰማው ምን ዓይነት ጅል እንደሆንኩ ገባኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ የሚጽፍ ልጅ ስጠብቅ ኖሬ፣ ሲመጣልኝ ሃምሳ አምስት ሰጠሁት።

«‹ከርዕሱ ጋር አይሄድም፤ ደስም አይልም›» አለ ሻምበሉ የኔን ጽሑፍ አንብቦ። ጥያቄውን ቀጠለ።

«ወታደር ሃቸር፣ አንድ ሰው አያትህን ሊገድል ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?»

ቨርሊን ፈራ ተባ እያለ አየኝ። እኔ አፌን ይዤ ነበር።

«የራሴን መልስ ልመልስ፣ እሜቴ?»

«ምን አባቴ ልበልህ፣ መልስ!»

«ጌታዬ፣ ለሰውዬው ነው የማዝነው። እማማ ሜልባን አያውቋትም።»

ሻምበል ቢቨንስ እስክሪብቶው ወደቀበት። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ቀና ሲል ግን ፊቱ እንደ መኮንን ፊት ነበር። «እሺ፣ እሷ ባትችለውስ?»

«ከፊቱ እቆማለሁ። እይዘዋለሁ። የምችለውን አደርጋለሁ። ግን አያቴን ሊገድል በመጣ አንድ ሰው የተነሳ፣ ቬትናም ያለውን ምንም ያላደረገኝን ሰው ግደል ቢሉኝ፣ የሱም አያት እኮ አለች።»

«ፍትሐዊ ጦርነት ቢሆንስ?»

«እሱን አላውቅም ጌታዬ። ለሚሞተው ለያንዳንዱ ሰው ኮፍያ የሚወለቅበት ጦርነት ካለ ይንገሩኝ። ግን እንደዚያ ከተጀመረ የሚተኩስ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።»

ሻምበሉ ረጅም ጊዜ ጻፈ። እኔ ፊደሎቹን በተገላቢጦሽ ለማንበብ አንገቴን ሳስግ ዜልኒክ በክርኑ ጎሰመኝ። በመጨረሻ ወረቀቱን አዞረና ለቨርሊን አሳየው። አመልካቹ የሚለው ከልቡ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ እንዲሰናበት አስተያየቴን አቀርባለሁ፤ ውሳኔው እስኪጸድቅ በወጥ ቤት ይሥራ፣ ሐሙስ አይሳፈርም ይላል። የተተየበውን ጽሑፌን ለእኔ መለሰልኝ። በእርሳስ የተጻፈውን ከፋይሉ ጋር አያያዘው።

«ወጥ ቤት?» አለ ቨርሊን። «አሳማ ይሠራሉ?»

«ውጣ ከፊቴ» አለው ሻምበሉ፤ አሁን ግን በግልጽ እየሳቀ ነበር። ዜልኒክ ልጁን አንገቱን አንቆ እያቀፈ ይዞት ወጣ። ከመውጣቱ በፊት፣ ሦስቱን የቀሩትን ማመልከቻዎች ዛሬውኑ አስመልሶ ልጆቹ በራሳቸው እጅ እንደሚጽፏቸው ምሎ ለሻምበሉ ነገረው። ለኔ ደግሞ እርሳስ እንኳ ወደማይገኝበት ክፍል እንደሚያዛውረኝ ነገረኝ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። ኮሪደሩ ላይ ሻምበሉ ቦርሳውን ይዞ ደረሰብኝ። ሲራመድ አንድ እግሩን እንደሚያነክስ ያኔ ነው ያየሁት።

«ዴንቶን፣ አሳፈርኩህ።»

«ኧረ ምን በወጣዎት። ናፍቀውኝ ነበር።» አብሮኝ ጥቂት ተራመደና ቆመ። «ሚስ ፕሩዊት፣ የአርበኞች ማኅበር ሽልማት ያገኘሁበትን ድርሰት ያስታውሱታል?»

«እንዴታ! ‹አገሬን ለምን አገለግላለሁ›! ዘጠና ስምንት ነው የሰጠሁህ። ከዚያ በላይ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።»

«ሦስት ጊዜ ነው ያረሙልኝ። የጦር አካዳሚው የተቀበለኝ በእሱ ነው። ሁለት ጊዜ ቬትናም ዘመትኩ፤ ሁለቴም ኪሴ ውስጥ ነበር። ግራ ሲገባኝ አወጣውና አነብበዋለሁ። ‹አዎ፣ የመጣሁት ለዚህ ነው› እላለሁ። በጣም ቆንጆ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ረዘም ይላል።» ባርኔጣውን በጣቶቹ ያዞር ጀመር። «ኪሴ ውስጥ የነበረው ቃል የማን እንደሆነ የጠረጠርኩት ትናንት ማታ የነዚህን ልጆች ወረቀት ሳነብ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ጽፌ ያመጣሁልዎትን ያስታውሱታል? ከመሰረዝዎ በፊት የነበረውን? ምን ብዬ ነበር?»

ላስታውስ ሞከርኩ። ከልቤ ሞከርኩ። ሦስተኛው ረድፍ ታየኝ፤ መስኮቱ ታየኝ፤ የተበላው እርሳሱ፣ ክርኑ ላይ የተቀደደ አረንጓዴ ሹራቡ ታየኝ። ወረቀቱ ላይ የታየኝ ግን የራሴ ቀይ ቀለም ብቻ ነው።

«አላስታውስም፣ ዴንቶን» አልኩት።

«እኔም» አለ።